ወንበሩ የት ገባ? የፊልም «ስህተት» በእርግጥ ስህተት መሆኑን የማጣሪያ መመሪያ

ጃክ የጽሕፈት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይተይባል። ሚስቱ ትገባለች፤ ይቆጣታል። ከጀርባው ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠ ወንበር አለ። ካሜራው እሷን አሳይቶ ወደ እሱ ሲመለስ ወንበሩ የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ላይ ይገኛል። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» (1980) ውስጥ ያለው ይህ ወንበር የፊልም ወዳጆችን ለሁለት ከፍሏል። አንዱ ወገን «ዘንግተውት ነው» ሲል፣ ሌላው «ታሪኩ የሚካሄድበት ሆቴል ጤና እንደሌለው ማሳያ ነው» ይላል።

ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ወገኖች ጥያቄው ሁለት መልስ ብቻ ያለው ስለሚመስላቸው ነው። መልሱ አራት ነው፦

ከቅጂው የመጣ፦ ፊልሙ ውስጥ የለም። እናንተ የያዛችሁት ቅጂ ወይም ትርጉም የፈጠረው ነው።
ያመለጠ፦ ማንም ልብ ሳይለው ያለፈ።
ታውቆ የታለፈ፦ አይተውታል፤ ግን ከእሱ የሚበልጥባቸው ነገር ስለነበረ ትተውታል።
የታሰበበት፦ ሆን ተብሎ የተደረገ።

ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። እኛ እንደምናየው ግን ክርክር ከሚነሣባቸው ነገሮች ብዙዎቹ በመጨረሻ የሚያርፉት እዚያው ላይ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች አንድን ክስ ከአራቱ ወደ አንዱ ለማድረስ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሻተር አይላንድ»ን እና «ኢንሴፕሽን»ን ገና ያላያችሁ ካላችሁ፣ 5ኛውና 6ኛው ደረጃ ላይ ምስጢር ይወጣባችኋል።

1ኛ ደረጃ፦ ክሱን በጽሑፍ አስፍሩ

«ወንበሩ ይጠፋል» ማለት ገና ክስ አይደለም። ክስ የሚሆነው የትኛው ቅጂ ላይ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ፣ የትኛው ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ ምስል) ላይ አለ፣ የትኛው ላይ የለም፣ በመካከላቸውስ ስንት ካት (ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው መሻገሪያ) አለ የሚለው ሲሟላ ነው። ይህን መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ስለተለያዩ ሾቶች እየተከራከሩ ሰዓታት አያባክኑም።

የክሱንም ዓይነት ለዩ። ዕቃ ነው? ልብስ ወይም ፀጉር? ቦታ? ንግግር? በጥንት ዘመን ታሪክ ላይ የእጅ ሰዓት መታየቱ፣ ወይም ገጸ ባሕርዩ «ለምን ፖሊስ አልጠራም?» የሚለው ጥያቄ የኮንቲኒዩቲ (ነገሮች ከሾት ወደ ሾት የመግጠማቸው) ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው የዘመን ስህተት፣ ሁለተኛው የታሪክ ቀዳዳ ነው፤ ማጣሪያቸውም ሌላ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ፊልሙን ከመክሰሳችሁ በፊት ቅጂውን መርምሩ

ብዙ ክርክር እዚሁ ያልቃል። መጀመሪያ ርዝመቱን አወዳድሩ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀረጻል። የፓል ሥርዓት በሚጠቀሙ አገሮች ለቴሌቪዥንና ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ግን ብዙ ጊዜ ወደ 25 ይፈጥናል፤ 120 ደቂቃ የነበረው 115 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ ቅጂ 1:10:00 ላይ ያለው ነገር በሌላው 1:07:12 ላይ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ስሌት ጋር ካልገጠመ፣ የተቆረጠ ወይም የተጨመረ ትዕይንት አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ የምስሉን ቅርጽ እዩ። ለሲኒማ በ1.85 ለ1 ስፋት እንዲታዩ ታስበው የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ኔጋቲቩ ላይ ከላይና ከታች ትርፍ ምስል አላቸው። ያ ትርፍ ለድሮው ባለ 4 በ3 ቴሌቪዥን ሲገለጥ ማይኩም፣ የመብራቱ እግርም፣ የዘዴው ገመድም አብሮ ይወጣል። «ፒ-ዊስ ቢግ አድቬንቸር» (1985) ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከብስክሌቱ ትንሽ ሳጥን ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት ይጎትታል፤ በድሮው የቪዲዮ ቅጂ ሰንሰለቱ ከታች ወደ ሳጥኑ ሲገባ ይታያል። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ያየው ቀልዱን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስሉ ተገልብጦ እንደሆነ አጣሩ። በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚዘዋወሩ አንዳንድ ቅጂዎች የባለመብቱን ፍተሻ ለማምለጥ ሲባል ግራና ቀኛቸው ተቀይሮ ወይም ጠርዛቸው ተቆርጦ ይጫናሉ። ጠባሳው ጉንጭ ከቀየረ ወይም ቀለበቱ እጅ ከቀየረ ከኋላ የሚታይ ጽሑፍ ፈልጉ። ጽሑፍ ከሌለ የወንድ ሸሚዝ ይበቃል፤ ቁልፎቹ የሚሰፉት በለባሹ በቀኝ በኩል ነው። የተገለበጠው አንድ ሾት ብቻ ከሆነ ግን ገልባጩ ኤዲተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። የሁለት ሰዎች አተያይ አልገጥም ሲል የሚደረግ ነገር ስለሆነ ክሱ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው መደብ ይሄዳል።

የተለያዩ እትሞች ያሉት ፊልም ከሆነ ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። የ1982ቱ «ብሌድ ራነር» ላይ የፖሊስ አለቃው ስድስት ሰው መሰል ፍጡራን እንዳመለጡና አንዱ እንደሞተ ይናገራል። አምስት መቅረት ነበረባቸው፤ የሚታደኑት ግን አራት ናቸው። ተመልካቾች ከዚህ ተነሥተው «አምስተኛው አዳኙ ራሱ ነው» እስከማለት ደርሰዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ሜሪ የምትባል ገጸ ባሕርይ ከቀረጻው ስትወጣ ንግግሩ ሳይስተካከል ቀረ። በ2007ቱ የመጨረሻ እትም ላይ የሞቱት ሁለት ተብለው ታረመ። አንዱን እትም ብቻ ያየ ሰው በዚህ ላይ ሊከራከር አይችልም።

ትርጉምንም አትርሱ። ወደ አማርኛ በተመለሰ ድራማ ላይ ቃሉ ከከንፈሩ ጋር እንዲገጥም ሲባል ይለወጣል፤ እህት የአጎት ልጅ ልትሆን፣ ሐሙስ ነገ ሊሆን ይችላል። የንግግር ክስ ከሆነ ዋናውን ድምፅ ሳትሰሙ አትፍረዱ። የሰዓት ነገርም አለ፦ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 8 ላይ ሆኖ ተዋናዩ በአማርኛ «ሁለት ሰዓት ሆኗል» ቢል ለእኛ ምንም ስህተት የለበትም። የውጭ ተመልካች ግን በአገራችን ፊልም ላይ ይህንኑ ሲያይ ቸኩሎ ስህተት ብሎ ሊያሰፍረው ይችላል።

3ኛ ደረጃ፦ በፍሬም እያራመዱ ማየት

በቪ.ኤል.ሲ. ማጫወቻ የ«ኢ» ቁልፍ አንድ ፍሬም ወደፊት ያራምዳል። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ የነጥብ ቁልፍ ወደፊት፣ የኮማ ቁልፍ ወደኋላ ይወስዳችኋል። ከካቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ፍሬምና ከካቱ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ፍሬም ፎቶ አንሥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ከዚያ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ እዩት። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ የተከሰሰውን ዕቃ ብቻ ተከታተሉ፤ አንዴ የተዋናዮቹን እጅ ብቻ፤ አንዴ ደግሞ ስክሪኑን ሳታዩ ድምፁን ብቻ ስሙ። ከንግግሩ መካከል የተቆረጠ ነገር ካለ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ የሚይዝበት ጊዜ አለ።

«የፊልም ስህተቶች» እየተባሉ የሚለቀቁ አጫጭር ቪዲዮዎችን በማስረጃነት አትቀበሉ። ሁለቱን ሾቶች ለማጋጨት ሲሉ በመካከል ያለውን ያወጡታል። የወጣው ሾት ላይ ሰውዬው ብርጭቆውን ሲያነሣ ታይቶ ቢሆንስ?

ክሱ የቦታ ከሆነ ፎቶ አይበቃም፤ በወረቀት ላይ ንድፍ ሳሉ። «ጁራሲክ ፓርክ» (1993) ላይ ትልቁ ዳይኖሰር ከመንገዱ እኩል ከሆነ መሬት አጥሩን ጥሶ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መኪናው የሚገፋው በዚያው አጥር በኩል ወዳለ ገደል ነው። «ገደሉ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው» የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። የሁለቱን መኪናዎች ቦታና የካሜራውን አቅጣጫ ሾት በሾት ካልሳላችሁ በስተቀር ለዚህ መልስ መስጠት አይቻልም።

4ኛ ደረጃ፦ አቀራረጹን መልሳችሁ ገንቡ

ክርክሩ የሚጣራው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ትዕይንት ብዙውን ጊዜ በአንድ ካሜራ ይቀረጻል። መጀመሪያ ሁለቱን የሚያሳይ ሰፊ ሾት ይወሰዳል። ከዚያ ካሜራውም መብራቱም ተነሥቶ በአንዱ ተዋናይ ላይ፣ በኋላም በሌላው ላይ ይተከላል። በእያንዳንዱ አተካከል ደግሞ ብዙ ቴክ፣ ማለትም የዚያው ሾት ተደጋጋሚ ቀረጻ፣ አለ። ስክሪኑ ላይ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ሾቶች በቀረጻ ጊዜ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በቀናት ይራራቃሉ። ይህን የሚጠብቅ ባለሙያ አለ፤ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ይባላል። መጠጡ የት ድረስ እንደነበር፣ ሲጋራው በየትኛው እጅ እንደነበረ፣ የኮቱ ስንተኛ ቁልፍ እንደተዘጋ በየቴኩ ይመዘግባል፤ ፎቶም ያነሣል፤ ድሮ በፖላሮይድ፣ ዛሬ በዲጂታል። ማስታወሻው ወደ ኤዲተሩ ይሄዳል። ስለዚህ «እንዴት አላዩትም?» ብሎ መገረም ብዙ አያስኬድም፤ አብዛኛውን ጊዜ አይተውታል።

አሁን በወረቀታችሁ ላይ ሾቶቹን በአንግል መድቡ። የጃክን ሁሉ «ሀ»፣ የሚስቱን ሁሉ «ለ» በሉ። ዕቃው የሚለወጠው ከ«ሀ» ወደ «ለ» ስንሄድ ብቻ ከሆነ፣ ካሜራውን ለመትከል ቦታ ሲለቀቅ ዕቃው ተነሥቶ ቀርቷል ማለት ይቻላል። በ«ሀ» ውስጥ ራሱ አንዴ ኖሮ፣ አንዴ ጠፍቶ፣ አንዴ ከተመለሰ ግን ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቴኮች ተቀላቅለዋል። የኩብሪክ ወንበር ሁለተኛው ዓይነት ነው።

መጠጥ፣ ምግብ፣ ሲጋራና ሻማ የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ የለውጡን አቅጣጫ እዩ። መጠጡ ቀንሶ ተመልሶ ከጨመረ ቴክ ተቀላቅሏል። ሳይመለስ በአንዴ ብዙ ከቀነሰ ግን ከመካከል ንግግር ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሰውዬው መጠጡን የጠጣው እኛ ባላየናቸው ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ስለ ብርጭቆ ከሚነሡ ክርክሮች ብዙዎቹን ብቻውን መዝጋት ይችላል። የ«ፕሪቲ ዉመን» (1990) ቁርስ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፦ ሴትየዋ የያዘችው ክሯሳን በአንድ ካት ፓንኬክ ይሆናል። ክሯሳን ሲበሉት ፓንኬክ አይሆንም፤ የተለያየ ምግብ የተያዘባቸው ቴኮች ናቸው።

ኤዲተሩ እያወቀ ለምን ይቀላቅላል? የ«ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» (1996) ኤዲተር ዋልተር መርች ለአንድ ጥሩ ካት ስድስት መመዘኛዎችን ከነክብደታቸው አስቀምጧል፦ ስሜት 51 በመቶ፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፣ የተመልካች ዓይን የሚያርፍበት ቦታ 7፣ የስክሪኑ ጠፍጣፋ ገጽ 5፣ የሰዎችና የዕቃዎች ትክክለኛ አቀማመጥ 4። እኛ የምንከራከርበት ወንበር ከመቶ አራቱ ውስጥ ነው። የማርቲን ስኮርሴዚ ኤዲተር ቴልማ ስኩንሜከርም ከዕቃ መግጠም ይልቅ የተዋናዩን ትወና እንደምትመርጥ ደጋግማ ተናግራለች።

ስለዚህ ሦስተኛውን መደብ እንዲህ ፈትኑት፦ ዕቃው በጠፋበት ሾት ላይ የተዋናዩን ፊት እዩ። የትዕይንቱ ጠንካራ ቅጽበት ያለው እዚያ ነው? ዓይናችሁን የሚስበው ፊቱ ነው ወይስ ዕቃው? መልሱ «ፊቱ» ከሆነ ሌላ ምስጢር ከመፈለጋችሁ በፊት ቆም በሉ።

5ኛ ደረጃ፦ ቸልተኝነት ይህን ሊሠራ ይችላል?

«ሻተር አይላንድ» (2010) ላይ ሁለት መርማሪዎች አንዲት ታማሚ ይጠይቃሉ። ውሃ ይመጣላታል። በአንድ ሾት እጇን ወደ አፏ አንሥታ ትጠጣለች፤ እጇ ውስጥ ግን ምንም የለም። በሚቀጥለው ሾት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ወንበር ሰው ሳያስበው ሊነሣ ይችላል። ባዶ እጅን እንደ ብርጭቆ ጨብጦ መጠጣት ግን ሳይታሰብ አይሆንም፤ ተዋናይዋ እንድትተውነው መነገር አለበት። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚሸሸው አሰቃቂ ትዝታ ከውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲጨመርበት ክሱ ወደ አራተኛው መደብ ይገባል። ኤዲተሯ ያችው ስኩንሜከር ናት፤ ዕቃ አለመግጠሙ የማያስጨንቃት ሰው እዚህ ግን ዓላማ ነበራት ቢባል ማጋነን አይደለም።

በተቃራኒው «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» (1959) ላይ በምግብ ቤቱ ትዕይንት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሽጉጡ ሳይተኮስ ጆሮውን በጣቶቹ ይደፍናል። ለዚህ ትርጉም መፈለግ አያስፈልግም። ልጁ ተኩሱ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ በቃ።

«ፐልፕ ፊክሽን» (1994) መካከል ላይ ነው። ከመታጠቢያ ቤት የወጣው ወጣት በሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች ላይ ተኩሶ ሲስታቸው ተአምር ይባላል። ጥይቶቹ የበሷቸው ቀዳዳዎች ግን ከተኩሱ በፊትም ግድግዳው ላይ ይታያሉ። «ተአምሩ አስቀድሞ ተጽፏል» የሚለው ንባብ ደስ ይላል፤ ግን ቸልተኝነት ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ከተኩሱ በኋላ ለሚቀረጸው ሲባል ቀዳዳው የተዘጋጀበት ግድግዳ ፊት ሌላውም ሾት ተቀርጿል። ቸልተኝነት ሊያብራራው የሚችለውን ነገር «የታሰበበት» ለማለት ከቀጣዩ ደረጃ ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹ ግን ያን ማስረጃ አያገኙም።

6ኛ ደረጃ፦ ሥርዓት አለው?

ነገሩ በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ቁጠሩ። ሊኖር ሲገባው የማይኖርባቸውንም ቁጠሩ፤ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። «ኢንሴፕሽን» (2010) ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ የኮብ የጋብቻ ቀለበት አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ትዕይንቶቹን በሁለት ዓምድ ብትከፍሉ ቀለበቱ በሕልሙ ዓለም አለ፤ በእውኑ ዓለም የለም። ሕጉ ካልተጣሰ ድንገቴ አይደለም። የወንበሩ ክስ ግን በዚህ ትዕይንት ውስጥ አንዴ ጠፍቶ መመለስ ብቻ ነው፤ ከአንድ ክስተት ሕግ አይወጣም።

የታሰበበት ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲታይ ተደርጎ ይቀመጣል። የሉዊስ ቡኑኤል የመጨረሻ ፊልም (1977) ላይ ኮንቺታ የምትባለውን አንዲት ሴት ሁለት ተዋናዮች፣ ካሮል ቡኬና አንኸላ ሞሊና፣ እየተፈራረቁ ይጫወቷታል። ማንም ገጸ ባሕርይ ልዩነቱን አያነሣም፤ ተመልካቹ ግን ሊያመልጠው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ። ሆን ተብሎ የተደረገ ሁሉ ትርጉም አዘል አይደለም። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በሾቶች መካከል ጠረጴዛ ላይ ያሉ ዕቃዎችን እያወቀ ያንቀሳቅስ ነበር። ምክንያቱ የምስሉ ውበት ነው፤ ጠርሙሱ ከሰውዬው ትከሻ አጠገብ የሚያምረው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከሆነ ፈቀቅ ይደረጋል። «ታስቦበታል» ያለ ሰው «ምልክት ነው» የሚለውን ለብቻው ማስረዳት አለበት።

ታሪኩን የሚያየው ማን እንደሆነም ጠይቁ። አኪራ ኩሮሳዋ በ«ራሾሞን» (1950) አንዱን ወንጀል በተለያዩ ምስክሮች አፍ እርስ በርሱ በሚጋጭ መንገድ ሲያሳይ ማንም ስህተት አይለውም፤ ፊልሙ ራሱ ምስክርነት መሆኑን ይነግረናል። «ተራኪው አይታመንም» የሚል መከላከያ ሲቀርብ፣ ፊልሙ ይህን የሚነግረን የቱ ላይ እንደሆነ አሳዩን በሉ።

7ኛ ደረጃ፦ የውጭ ምስክር

የምስክርነት ክብደት ይለያያል። ከሁሉ የሚበልጠው በቀረጻው ቀን የተጻፈ ሰነድ ነው። ቀጥሎ ፊልሙ በወጣበት ሰሞን የተሰጠ ቃለ ምልልስ ይመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ከዚያ በታች ነው። ዳይሬክተር በኋላ «አዎ፣ አስቤበት ነው» ቢል ራሱን እያወደሰ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይበቃም፤ «አምልጦኝ ነው» ቢል ግን በራሱ ላይ ስለመሰከረ የበለጠ ይታመናል።

ምስክርነቱ የሸፈነውን ያህል ብቻ ውሰዱ። የኩብሪክ ፕሮዲዩሰርና የሚስቱ ወንድም ያን ሃርላን የሆቴሉ ክፍሎች እንዳይገጣጠሙ ተደርገው ሆን ተብሎ እንደተሠሩ ተናግሯል። ይህ ስለ ሆቴሉ አሠራር ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ስለ ወንበሩ ግን ምንም አይልም። የኩብሪክ ረዳት የነበረው ሊዮን ቪታሊ ደግሞ በፊልሙ ላይ የተደረደሩ ብዙ ትንታኔዎችን ከንቱ ብሏቸዋል። «ኩብሪክ ፍጹምነትን የሚያሳድድ ሰው ነው፣ ምንም አያመልጠውም» የሚለው መከራከሪያም የመሰለውን ያህል አይጠቅምም። አንዱን ሾት ደጋግሞ ደጋግሞ የሚቀርጽ ዳይሬክተር የማይገጥሙ ቴኮች የመቀላቀል ዕድሉ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ሠሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉትም ይመሰክራል። በግንቦት 2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ የቡና ኩባያ ሲታይ ኤች.ቢ.ኦ. በቀናት ውስጥ ከምስሉ አጠፋው፤ ያመለጠ ነበር። የ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ላይ አንድ ወታደር ጭንቅላቱን በር ይመታዋል፤ በ2004ቱ ዲቪዲ ግን ሾቱ አልወጣም፤ ይልቁንም የመምታት ድምፅ ተጨመረበት። ያመለጠ ነገር ቆይቶ ተወዶ የተያዘ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ክስ በጊዜ ብዛት መደብ ሊቀይር ይችላል።

8ኛ ደረጃ፦ ፍርዱን ከነልኩ ጻፉ

ፍርዱ ሦስት ነገሮች ይኑሩት፦ መደቡ፣ የእርግጠኝነቱ መጠን (እርግጠኛ፣ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተረጋገጠም)፣ እና ፍርዱን ሊያስለውጥ የሚችለው ማስረጃ። ሦስተኛውን መጻፍ ያልፈለገ ተከራካሪ ካጋጠማችሁ ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

ለወንበሩ እንዲህ ይጻፋል፦ «በአንድ አንግል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቴክ ተቀላቅሏል፤ ይህ እርግጠኛ ነው። ታውቆ የታለፈ ሳይሆን አይቀርም። የታሰበበት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ አንዴ ብቻ የታየ ነው፣ ቸልተኝነትም ሊያብራራው ይችላል። ፍርዱን የሚያስለውጠው የዚያ ቀን የኮንቲኒዩቲ ማስታወሻ ወይም ፎቶ ነው።» የኩብሪክ የሥራ ወረቀቶች ለንደን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ ተቀምጠዋል፤ ክርክሩን ከዚህ በላይ መግፋት የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከዚያ ይጀምር።